የሸክላ ምስሎች አሰባሰብና አጠባበቅ



ከክፍለ ሀገር የመጣ መንገደኛ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ሲያልፍ፣ በነጠላ የጠቀለላት የሸክላ ምስል በብብቱ ያለች እንደሆነ፣ ቤቱ ገብቶ ሲፈታት አንገቷ ተቀንጥሶ ቢያገኘው አያስደንቅም። መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሸክላ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡትና ሲያጥፉት ግን አይችልም። አንገትና ክንድ አስቀድመው የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁባት መንደር ነበረች። ማሰሮና ጀበና ሲያበጁ የኖሩ እጆች በሃያኛው ምዕት ዓመት ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎችንም ሠሩ፤ ልጇን ያቀፈች እናት፣ አንበሳ፣ ወፍ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎች ወጡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ዛሬም በወለቃ ሸክላ ይሠራል፤ የቀደሙት ሴቶች ያበጇት ምስል ግን ከተሰበረች ሠሪዋን ፈልጎ ሌላ ማዘዝ አይቻልም።

እነዚህ ምስሎች በምድጃ ሳይሆን በሜዳ እሳት የተተኮሱ ናቸው። ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ገላቸው ውሃ ይመጥጣል፤ ከውሃው ጋር የገባው ጨው ሲደርቅ ይረጋና ፊቱን ይልጠዋል። ስለዚህ ማጠብ ክልክል ነው፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። ጥቁረታቸውም ከጢስ የመጣ እንጂ ቀለም አይደለምና፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውላቸው ሰው መልካቸውን ያጠፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ከሱቅ የሚገዛው ፈጣን ማጣበቂያ ነው። ከሸክላው ይልቅ ስለሚጠነክር፣ ምስሏ ዳግመኛ ስትወድቅ ስብራቱ በአዲስ ቦታ ይሆናል። የሙዚየም ባለሙያዎች የሚመርጡት በአሴቶን የሚሟሟውን ፓራሎይድ ቢ-72 ነው፤ የተሳሳተ መገጣጠሚያ ይፈታልና።

ያልተተኮሰው የጭቃ በሬ ነገር ሌላ ነው። እረኛ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ ጠፍጥፈው፣ ቀንድ ቀጥለው የሚጫወቱበትን በሬ ክረምት ያጥበዋል፤ ሰብሳቢም እምብዛም አይፈልገው። ቢያገኘውም ሊያጸናው አስቦ እሳት ውስጥ አይክተተው፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ሳይነካው ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ቁመቱን፣ የመጣበትን መንደርና የሠራውን ልጅ ስም በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ በደረቅ ሣጥን፣ በጥጥ ላይ ያኑረው።