የቆዳ ስፌት፦ የምናወዳድረው ምንን ከምን ጋር ነው?



በቀዶ ሕክምና ክፍል ዋናው ሥራ ሲያልቅ ሲኒየሩ ጓንቱን አውልቆ ይወጣል፤ ቆዳውን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ተለማማጁ ሐኪም ነው። ታካሚው ግን በውስጡ የተሠራውን አያይም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው ያንኑ የተለማማጁን ስፌት ነው። እናም «የትኛው ስፌት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የዋዛ አይደለም።

ነጠላ ስፌት እያንዳንዱ ለብቻው ይቋጠራል። አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ፤ ቁስሉ መግል ቢቋጥር አንድ ሁለቱን ብቻ ፈትቶ ማፍሰስ ይቻላል። ቀጣይ ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ክር ስለሚሄድ ይፈጥናል፤ ክሩ ከተበጠሰ ግን ሁሉም ይላላል። ቨርቲካል ማትረስ የምንለው መጀመሪያ ራቅና ጠለቅ ብሎ፣ ሲመለስ ጠርዙን በስሱ እየያዘ የቆዳው ከንፈር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ያደርጋል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ወይም ከቆየ መሰላል የመሰለ ጠባሳ ይተዋል። ሰብኩቲኩላር ደግሞ በቆዳው ንጣፍ ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል፤ በሚሟሟ ክር ከተሰፋም ማውጣት አያስፈልገውም።

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ከወሊድ ቀዶ ሕክምና ውጭ ባሉ ቀዶ ሕክምናዎች 827 ታካሚዎችን ያካተቱ 5 ጥናቶችን መርምሮ፣ በቀጣይ ስፌት የተዘጉ ቁስሎች ላይ ላዩን የመከፈት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አገኘ። በኢንፌክሽን በኩል ግልጽ ልዩነት አልታየም። ውጤቱን ብቻ ያነበበ ሰው ነጠላ ስፌት ተሸነፈ ይላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ከተከፈቱት ቁስሎች አብዛኞቹ የተመዘገቡት በሁለት ጥናቶች ሲሆን፣ በእነዚያ ቀጣዩ ስፌት በሚሟሟ ክር በሰብኩቲኩላር መልክ የተሰፋ ነበር፤ ነጠላው በማይሟሟ ክር ተሰፍቶ ከ7 እስከ 9 ባሉት ቀናት ወጥቷል። አሰፋፉ፣ ክሩና የሚወጣበት ቀን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተለያይተዋል ማለት ነው። ቁስል በሦስተኛው ሳምንት እንኳ የሚኖረው ጥንካሬ ካልተቆረጠ ቆዳ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ከወራት በኋላም 80 በመቶ አካባቢ ደርሶ ይቆማል። በሳምንቱ ድጋፉን ያጣ ቁስል ቢከፈት፣ ጥፋቱን ሁሉ በቋጠሮው ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ቆዳን በክር ፈንታ በሚዘጋው የብረት ስቴፕል ላይ ግን ማስረጃው ጠንከር ይላል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታተመ፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ 746 እናቶችን የያዘ ጥናት፣ የቁስል ችግር በስፌት 4.9 በመቶ፣ በስቴፕል 10.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ስቴፕል ደቂቃዎችን ያተርፋል፤ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ግን ትርፉ ዋጋውን የሚያህል አይመስለኝም።

ስለ ጠባሳም ልጨምር። ካርል ላንገር በ1861 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ በአስከሬን ቆዳ ላይ ክብ ቀዳዳዎችን እየበሳ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ሞላላነት እንደሚሳቡ አሳየ፤ ቆዳ የራሱ የውጥረት አቅጣጫ አለው። ያንን ውጥረት መሸከም ያለበት ከታች ያለው ስፌት ነው፤ ላይኛው ጠርዝን ከጠርዝ ከማገናኘት ያለፈ ሸክም ሊኖርበት አይገባም። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኬሎይድ ስለሚበዛ፣ በተለይ በደረትና በትከሻ ላይ፣ የስፌቱ ዓይነት ብቻውን ከኬሎይድ ያድናል ብላችሁ ለታካሚ ቃል አትግቡ።

የፊት ስፌት በ5 ቀን ገደማ ይወጣል፤ የእጅና የእግር ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ከሩቅ ገጠር መጥታ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ክር ለማስወጣት ብቻ መንገዱን እንድትመለስ ማድረግ ከባድ ነው፤ ቁስሉ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ እኔ በሚሟሟ ክር የሚሰፋውን ሰብኩቲኩላር እመርጣለሁ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ የመጣ ታካሚ ሲሆን ግን ምርጫዬ ይገለበጣል፦ አንድ በአንድ ሊፈታ የሚችል ነጠላ ስፌት፤ ብክለቱ ከባሰም ቆዳውን ሳልሰፋ በፋሻ ሸፍኜ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ንጹሕ መሆኑን አይቼ እዘጋዋለሁ።