ሒሳብና የኤኮኖሚክስ ከፍተኛ ትምህርት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



በኤኮኖሚክስ ከመጀመሪያው ዲግሪ አልፎ ለመማር የሚሻ ሰው ካልኩለስና ስታቲስቲክስ አጥብቆ ማወቅ ይገባዋል። የዚህም መሠረት የሚጣለው እኛ አሁን ባለንበት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የምትሆነን አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በእርሷ ዘመን ሴቶች ልጆች ከፍ ያለ ሒሳብ እንዲማሩ አይበረታቱም ነበርና ትሪጎኖሜትሪ ሳትማር ቀረች። ኋላም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለኤኮኖሚክስ የዶክተርነት ትምህርት ብታመለክት፣ ሒሳብሽ አይበቃም ተብላ ተመለሰች። ተስፋ ሳትቆርጥ በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ገባች። በደቡብ ካሊፎርኒያ ሰዎች የጋራ የከርሰ ምድር ውኃቸውን እንዴት ተስማምተው እንደሚጠብቁ መርምራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ዶክተር ሆነች። በ2009 ዓ.ም. በኤኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት ስትቀበል፣ በዚህ ሙያ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ነበረች።

«እንግዲያስ ያለ ሒሳብም ይደረሳል» የሚል አይጠፋም። ኦስትሮም በእርግጥ ሌላ መንገድ አገኘች፤ መንገድ አጥተው የቀሩትን ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ማታ ሴት ልጃችሁን ከማጀት ሥራ አሳርፋችሁ የጥናት ጊዜ ስጧት። መምህሮቻችን ሆይ፣ ከባዱን ጥያቄ ለመሥራት እርሷንም ወደ ጥቁር ሰሌዳው ጥሯት። እኛም ተማሪዎች ሒሳብን ፈተና ለማለፍ ያህል ብቻ አንማረው።

እግዚአብሔር የድካማችንን ፍሬ ያሳየን።