የሚጣለውን ማን ያየዋል?

(ስለ ፊዚክስና ስለ ኤአይ ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)



ሳንሱር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በደርግ ዘመን ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እስክሪብቶ የያዘ ሰው ያየው ነበር። እሱ የሰረዘውን አንባቢ አያየውም፤ መሰረዙንም አያውቅም። ዛሬ የምናገረው ስለ ፊዚክስ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ሰውዬ ብዙም አይርቅም።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ፣ ሰርን የተባለው የምርምር ድርጅት ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ማሽን አለው። ሥራው ፕሮቶኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ እያስሮጠ ማጋጨት ነው። ሳይንቲስቶቹ ዓለም ከምን እንደተሠራች የሚመረምሩት ከግጭቱ ከሚወጣው ነው። ሂግስ ቦዞን የተባለችው ቅንጣት መገኘቷ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 የተነገረውም ከዚሁ ነው።

ችግሩ ብዛቱ ነው። ማሽኑ ሥራ ላይ ሲሆን የፕሮቶን መንጋዎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይገናኛሉ። ይህን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ «ይያዝ» ወይም «ይጣል» እያለ በቅጽበት የሚወስን ማጣሪያ ተበጀለት። በመጨረሻ የሚተርፈው በሰከንድ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የተጣለው ተጣለ፤ ፋይል የለው፣ ይግባኝ የለው!

ይህ ማጣሪያ ለብዙ ዓመት የሠራው ሳይንቲስቶች አስቀድመው ባወጡት ደንብ ነው፤ እንዲህ ያለውን ያዝ፣ እንዲያ ያለውን ተው። ደግ! ማንም ያላሰበው ነገር ቢመጣስ? የሚያውቀውን ብቻ የሚያስገባ ዘበኛ እንግዳውን ከደጅ ይመልሰዋል። አዲስ ግኝት ማለት ደግሞ እንግዳ ነው።

ኤአይ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሲኤምኤስ የተባለው የሰርን ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ ዓይነት ዘበኛ ሥራ ላይ አዋለ። ይህኛው «እከሌን ፈልግ» አልተባለም። ያልተጣራውን ግጭት እያየ የተለመደውን እንዲያጠና ተደረገ፤ ከለመደው የተለየ ሲገጥመው ይይዛል።

እሰየው ነው። ግን ለምን እንደያዘና ለምን እንደጣለ ቃሉን አይሰጥም። መሣሪያው ቢበላሽስ? ብልሽትም እኮ ያልተለመደ ነገር ነው!

የፊዚክስ ሰዎች ታዲያ ማሽኑ ስላለ ብቻ አያምኑም። ከግጭቱ ጥቂቱን ሳይመርጡ በዘፈቀደ ያስቀምጣሉ፤ ማጣሪያው ምን እየጣለ እንደሆነ የሚፈትሹት በዚያ ነው። አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት ሁለት ቡድኖች በየራሳቸው መሣሪያ ይሠራሉ፤ ሂግስንም ያገኙት ለየብቻቸው ነው። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ብዙውን መረጃ ለሕዝብ ይለቁታል። ኢንተርኔት ያለው የአዲስ አበባ ተማሪም በነፃ ሊመረምረው ይችላል።

እኔ ማጣሪያ ይቅር አልልም፤ ብዛቱ ግድ ይላል። የምለው፣ ማጣሪያ ባለበት ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ የተጣለውን የሚያይ ሌላ ዓይን ይኑር ነው። «ማሽኑ ነው ያለው» የሚለው መልስ ሰርን ውስጥ አያስኬድም። እኛስ ዘንድ ለምን ያስኬዳል?