የውሃ እባብ ምን ይብላ?

ሄለን፦ ዳዊት፣ የሰሜን አሜሪካው ኤሪ ሐይቅ የውሃ እባብ አበላል አስደንቆኛል። መርዝ የለውም፣ ተጠምጥሞም አይገድልም። ዓሣውን ከነነፍሱ በጥርሱ ይዞ፣ ክንፉና እሾሁ ወደ ኋላ እንዲታጠፍ ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ይውጠዋል።

ዳዊት፦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 እኮ የመጥፋት ስጋት አለበት ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ሐይቁን ሲወርር እባቡ ዋና ምግቡ አደረገው፤ ፈጥኖ አደገ፣ ብዙም ወለደ። ጥበቃው ተጨምሮበት በ2011 ከዝርዝሩ ወጣ።

ሄለን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ በቤት የሚያዘው የውሃ እባብ ነው። አንዳንዶች ከሱቅ የተገዛ ወርቃማ ዓሣ ብቻ ይሰጡታል።

ዳዊት፦ ወርቃማ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ በረዶ ቤት ቢያስቀምጡትም አይጠፋም። ቫይታሚኑ ሲያንሰው እባቡ ይንቀጠቀጣል፤ በጀርባው ሲገለበጥ መቃናት ያቅተዋል።

ሄለን፦ ሆዱ ሞልቶ ነው እንዲህ የሚሆነው!

ዳዊት፦ አዎ፣ ያውም በቀላሉ መከላከል ሲቻል። እንደ ትራውት ያለ፣ ኢንዛይሙ የሌለበት ዓሣ ይሰጠው። የሞተች አይጥ ዓሣ አስነክቶ ማቅረብም ይቻላል፤ ሽታውን ተከትሎ ይለምዳታል።