መልሱ ያልተነገረ እንቆቅልሽ

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ በጃፓን አገር ስለ ተሠራ የቴሌቪዥን ታሪክና ታሪኩ ባለቀ ጊዜ ተመልካቾቹ ስላነሡት ቍጣ ነው። ከመካከላችሁ «በሥዕል ስለ ተሠራ የልጆች ጨዋታ በዩኒቨርስቲ አዳራሽ መነጋገር ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ርእሱን የመረጥነው ግን የሥዕሉን ማማር ለማወደስ አይደለም። አንድ ደራሲ የሥራውን ፍጻሜ ግልጥ ሳያደርግ ሲተወው ተመልካቹ ምን የመጠየቅ መብት አለው? ምን መብትስ የለውም? ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን።

ታሪኩ «ኒዮን ጄኔሲስ ኢቫንጌሊዮን» ይባላል። ጃፓኖች «አኒሜ» ከሚሉት፥ በሥዕል ከሚሠራው የፊልም ዐይነት ወገን ነው። ጋይናክስ የተባለው ስቱዲዮ በሂዴአኪ አኖ አዘጋጅነት ሠርቶት፥ ከኦክቶበር 4 ቀን 1995 እስከ ማርች 27 ቀን 1996 ድረስ፥ ረቡዕ ረቡዕ ማታ በቲቪ ቶኪዮ ጣቢያ በ26 ክፍል ታየ። ስሙ እንግዳ ቢመስለንም ዘመድ ነው፤ እኛ «ወንጌል» የምንለው ቃል የተገኘበት የግሪክ ቃል ነውና።

ባለታሪኩ ሺንጂ ኢካሪ የ14 ዓመት ልጅ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቷል። አባቱም ለብዙ ዓመት ለሰው ሰጥቶት ኖሮ አንድ ቀን ድንገት ያስጠራዋል። ያስጠራው ግን ናፍቆት አይደለም፤ ኢቫንጌሊዮን በሚባለው ግዙፍ ሰው መሰል ፍጥረት ውስጥ ገብቶ፥ «መላእክት» ከተባሉ ምንነታቸው ከማይታወቅ ጠላቶች ጋራ እንዲዋጋ ነው። እስከ አጋማሹ ድረስ ታሪኩ እንደ ማናቸውም የጀግና ታሪክ ይራመዳል። ጠላት ይመጣል፥ ከተማው ይጨነቃል፥ ልጁ ወጥቶ ይዋጋል። ከዚያ በኋላ ግን ጦርነቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል። ተመልካቹ «ጠላት ይሸነፋል ወይ?» ማለቱን ትቶ «ይህ ልጅ ከሰው ጋራ መኖር ይችላል ወይ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር።

ጊዜውም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ ነበር። በ1995 ጃንዋሪ የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ከ6,000 በላይ ሰው ሞቷል። በማርች ወር ደግሞ ኦም ሺንሪክዮ የተባለው ቡድን በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ የመርዝ ጋዝ ለቆ ሰው ገድሏል። አዘጋጁ አኖ ራሱም ከዚህ ሥራ በፊት ለአራት ዓመት ያህል በመንፈስ ጭንቀት ተይዞ ሥራ መሥራት ተስኖት እንደ ነበረ ጽፏል። ታሪኩ መታየት ከመጀመሩ በፊት በጻፈው በዚያው መግለጫ፥ የታሪኩ ሰዎች ወዴት እንደሚደርሱ ለራሱም ገና እንዳልታወቀው ተናግሯል። ይህን ቃል በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ተመልካቹ 24 ክፍል በትዕግሥት ተከታትሎ መጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ደረሱ። ጠላቶቹ ከወዴት መጡ? አባትየው በስውር ያሰበው ምንድር ነው? ከተማውስ ምን ደረሰበት? ይህ ሁሉ ተትቶ፥ ሺንጂ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ በወንበር ተቀምጦ ራሱን ሲመረምር ይታያል። ጥያቄዎች በትልልቅ ፊደል እየተጻፉ ይወጣሉ። ሥዕሉም አንዳንድ ጊዜ ቀለም ያልገባበት የእርሳስ ንድፍ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ ልጁ «ራሴን የምጠላው እኔው ነኝ፤ በዚህ ዓለም መኖር ይቻለኛል» ወደሚል አሳብ ሲደርስ፥ የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከበውት እያጨበጨቡ በየተራ «እንኳን ደስ ያለህ» ይሉታል። ታሪኩ በዚህ አለቀ።

ተመልካቹም ተቈጣ። «ተታለልን» ያለ ብዙ ነው። ለስቱዲዮው የውግዘት መልእክት ጐረፈ፤ አዘጋጁን እንገድላለን የሚል ዛቻ እንኳ ነበረበት። በሌላው ወገን ደግሞ «ስለ እኔ ኑሮ የተነገረ ነው» ብሎ የምስጋና ቃል የላከ አልጠፋም።

የቍጣውን ምክንያት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሁላችንም በልጅነታችን እንቆቅልሽ ተጫውተናል። «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ መልሱ ሲጠፋብን «አገር ስጠኝ» እንባላለን፤ ጎጃምን ወይም ወሎን እንሰጣለን። አገሩን የተቀበለ ሰው መልሱን የመንገር ግዴታ አለበት። አገሩንም ወስዶ መልሱንም ይዞ ቢነሣ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ጠብም ይነሣል። የጃፓን ተመልካቾች ክስ በአጭሩ ይህ ነበር። «ስድስት ወር ሙሉ ዐይናችንንና ልባችንን ሰጥተንሃል፤ አገሩን ተቀብለሃልና መልሱን ንገረን።»

ይህ ክስ ከንቱ ነው አንልም። ደራሲ ምስጢር እያስቀመጠ «ቆይ፥ ይፈታልሃል» ብሎ ተመልካቹን ከሳምንት ወደ ሳምንት ከጐተተው ቃል ገብቷል ማለት ነው። ደግሞም በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ጊዴ የሥራው ጊዜ እጅግ አጥሮ ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ማነሱና ቀድሞ የታየው መደጋገሙ ይህን ይመሰክራል። ስለዚህ ግልጥ ያልሆነ ነገር ሁሉ ጥልቅ ነው ማለት አይገባም። ሥራው ያላለቀለት ሰው «ምስጢር ነው» ብሎ ሊሸሸግ ይችላልና፥ ይህን የመጠርጠር መብት ለተመልካቹ እንሰጠዋለን።

ዳሩ ግን ይህ ሥራ እንቆቅልሽ ብቻ ነበር ወይ? ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጀምሮ የያዘው አሳብ ሌላ ነው። ይኸውም ሾፐንሃወር የተባለው የጀርመን ፈላስፋ የተናገረው የጃርት ምሳሌ ነው። ጃርቶች ብርድ ሲመታቸው ለመሟሟቅ ይጠጋጋሉ፤ ሲጠጋጉ እሾኻቸው ይዋጋል፤ ሲራራቁ ደግሞ ይበርዳቸዋል። ሺንጂ የተጨነቀው በዚህ ነው። ሰው ካልቀረበው ይበርደዋል፤ ከቀረበው ይወጋዋል። እንግዲህ የታሪኩ ጥያቄ ይህ ከሆነ፥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ጥያቄውን አልሸሹም፤ የመላእክቱን ምስጢር ትተው የልጁን ጥያቄ መለሱ እንጂ። ተመልካቹ የጠበቀው መልስ የአንዱን ሲሆን፥ የተሰጠው የሌላው ነው።

ደራሲ በአንባቢ ሲገደድ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 በታተመ ታሪክ ገደለው። አንባቢዎቹ ቢያዝኑና ቢወተውቱት፥ በ1903 ሳይሞት እንደ ተረፈ አድርጎ መለሰላቸው። አኖም በጁላይ 1997 «የኢቫንጌሊዮን ፍጻሜ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ፥ ብዙዎች እንደ ዶይል እጁን የሰጠ መስሏቸው ወደ ሲኒማ ቤት ገቡ። በርግጥ ጦርነቱ ታየ፤ የአባትየውም ምክር ተገለጠ። ነገር ግን በፊልሙ መካከል ሥዕሉ ተቋርጦ በሲኒማ ቤት የተቀመጡ እውነተኛ ተመልካቾች ይታያሉ፤ ለስቱዲዮው የተላኩት መልእክቶችም፥ ዛቻውም ምስጋናውም፥ እንደ መብረቅ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። ሊፈርድ የመጣው ተመልካች ራሱን በመስታወት አየ።

የዚህ ፊልም ፍጻሜ ከፊተኛው ይልቅ የሚያከራክር ሆነ። የሰው ልጅ ሁሉ ገላው ቀልጦ፥ በእኔና በአንተ መካከል ያለው አጥር ፈርሶ፥ አንድ ባሕር ይሆናል። እሾኽ የሌለበት ኑሮ ማለት ይህ ነው። ሺንጂ ግን ይህን እንቢ ብሎ ወደ ተለያየው፥ ወደሚዋጋው ዓለም መመለስን ይመርጣል። በቀይ ባሕር ዳር ከአስካ ጋራ ሁለቱ ብቻ ተጋድመው ይታያሉ። ልጁ ድንገት አንገቷን ያንቃል፤ እርስዋ እጅዋን አንሥታ ጉንጩን ትዳብሰዋለች፤ እርሱም ትቷት ያለቅሳል። በመጨረሻም አንዲት አጭር ቃል ትናገራለች፤ ፊልሙም ያበቃል።

ቃሊቱ በጃፓንኛ ሁለት ወገን የምትተረጐም ናት፤ የቅኔ መምህራኖቻችን ኅብረ ቃል የሚሏትን ትመስላለች። በጃፓንኛ ባለቤቱን ሳይጠሩ መናገር የተለመደ ነውና፥ «አቅለሸለሸኝ» ማለትዋ ይሁን «ታስጠላለህ» ማለትዋ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። በአማርኛ ብንተረጕማት ግሡ ራሱ ባለቤቱን አውጣ ስለሚለን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብናል፤ በመረጥንም ጊዜ ፍጻሜውን ለወጥነው ማለት ነው። አንዱ ወገን «ጠላችው፤ ተስፋ የለም» ይላል። ሌላው ወገን «ሌላ ሰው በእውነት አጠገቡ መኖሩ የሚታወቀው እርሱ የማይወደውን ሲናገረው አይደለምን?» ይላል። ክርክሩ ከ1997 ወዲህ አልበረደም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የተመልካቾቹን ትጋትም ስሕተትም ማየት ይገባል። ብዙዎች በሥራው ውስጥ ያሉትን የመስቀል ምልክቶች፥ የአዳምንና የሌሎችንም ስም እያነሡ ታላቅ የሃይማኖት ምስጢር ፈለጉበት። ረዳት አዘጋጅ የነበረው ካዙያ ጹሩማኪ ግን፥ ክርስትና በጃፓን ብዙ የማይታወቅ በመሆኑ ምልክቶቹን የመረጡት እንግዳና ምስጢራዊ መልክ እንዲሰጡ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ በዚህ በኩል ሰሙ ሰም ብቻ ነበር፤ ወርቅ አልነበረበትም። ቅኔ የሚፈታ ተማሪ ወርቅ ለማግኘት ከመትጋቱ ጋራ፥ ወርቅ የሌለበትንም መለየት እንዳለበት ይህ ያስተምረናል።

አኖ ወደ ታሪኩ ተመልሶ ከ2007 እስከ 2021 ድረስ አራት ፊልሞች ሠራ። በማርች 2021 በወጣው በመጨረሻው ፊልም ሺንጂ ጐልማሳ ሆኖ፥ አኖ በተወለደበት በኡቤ ከተማ ባለው የባቡር ጣቢያ ይታያል፤ ከጣቢያውም ወደ ውጭ እየሮጠ ይወጣል። ሥዕሉም በእውነተኛው ከተማ እይታ ይተካል። ፊልሙ በጃፓን ከ10 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ከፊተኞቹ ይልቅ ግልጥ ፍጻሜ ቢሆንም የ1996ቱን ጭብጨባና የ1997ቱን ባሕር ዳር አልሻራቸውም። ተመልካቹ ዛሬም ሦስቱን ፍጻሜዎች ጐን ለጐን አስቀምጦ ይከራከራል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ተመልካቹ የማዘን፥ የመተቸት፥ «ቃልህን አልጠበቅህም» ብሎ በአደባባይ የመሟገት ሙሉ መብት አለው። ፍጻሜውን በራሱ ፈቃድ የማስጻፍ መብት ግን የለውም፤ ማስፈራራትማ ከቶ የመብት ስም አይሰጠውም። ደራሲው ወዴት እንደሚደርስ እንደማያውቅ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። እርሱ አብረን እንፈልግ ሲል፥ የዛቱት «አግኝተህ አምጣልን» አሉት። የሚያሳዝነውም፥ ሥራው የሚናገረው ሌላው ሰው እንደ ፈቃዳችን ስላለመሆኑ ሆኖ ሳለ፥ ዛቻ የጻፉት ይህንኑ መታገሥ ማቃታቸው ነው። ጃርቱ የተወጋው በራሱ እሾኽ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገሩ የጃፓን ተመልካቾች ብቻ አይምሰለን። እኛ ተማሪዎች መልሱ በደብተራችን ካልተጻፈ ትምህርት የተሰጠን አይመስለንም። መምህሩ ጥያቄውን ከፍቶ ሲተወው «አልተዘጋጀም» እንላለን፤ በክርክር መድረክ ላይ ተናጋሪው ከሁለት አሳብ መካከል ቢቆም «ወላዋይ» እንለዋለን፤ ያልገባንን ነገር ለመመርመር ሳይሆን ለመቈጣት እንፈጥናለን። አንዳንዱ ጥያቄ በርግጥ የመምህሩ ዕዳ ነው፥ ይክፈለን። ሌላው ግን የእኛው ሥራ ነው። የትኛው የማን እንደ ሆነ መለየት ከቻልን፥ ግልጥ ያልሆነ ፍጻሜ ያለው መጽሐፍ ባነበብን ጊዜ ቡጢ ጨብጠን አንነሣም፤ ወንበራችንን አቀራርበን እንወያያለን እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ መድረኩ የእናንተ ነው። ፍርዳችንን የማይቀበል ካለ ተነሥቶ ይሟገተን።