ስለ ቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያ
(ዘመሮ፣ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ከእድሩ ገንዘብ ሁለት የውሃ ማጣሪያ ለድንኳኑ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «እድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው፤ ለቋሚው ውሃ ማጣራት የእድር ሥራ አይደለም» ተባለና ነገሩ ሳይወሰን አደረ። ተቃውሞው ከቅንነት የመጣ ነው። የእድር ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ስለሆነ በየምክንያቱ አይነካም። ግን እስቲ ለቅሶ ቤት ምን እንደምንጠጣ አብረን እናስበው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊት የገሰገሰውም፣ ከቆላ የወጣውም፣ ከቀብር የተመለሰውም ሁሉ ከአንድ በርሜል ይጠጣል። በርሜሉ ውስጥ ጣሳ ተንሳፎ ይውላል። ያንን ጣሳ የሚያነሣው እጅ መቃብር ሲቆፍር የዋለ እጅ ይሆናል፤ ልጅ ሲያጥብ የዋለ እጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሆዱን የታመመው ሁሉ «ሐዘኑ ጎዳኝ» ይላል እንጂ ጣሳውን የሚጠረጥር የለም።

ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚያድን ለማሳየት አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሣ። በ1884 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ክፉ ቀን በሚባለው ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892፣ ጀርመን አገር ሐምቡርግ በተባለው ከተማ ኮሌራ ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ8,000 ሰው በላይ ሞተ። ሐምቡርግና አልቶና የተባለው ጎረቤት ከተማ አጥር ለአጥር ነበሩ። ሁለቱም የሚጠጡት የኤልቤን ወንዝ ነው። እንዲያውም አልቶና ውሃውን የሚቀዳው ከታች፣ የሐምቡርግ ቆሻሻ ከተደባለቀበት በኋላ ነበር። ታዲያ አልቶና ከመቅሰፍቱ አብዛኛውን አመለጠች። ልዩነቱ አልቶና ውሃውን በአሸዋ አጣርታ ማጠጣቷ፣ ሐምቡርግ ደግሞ ሳታጣራ ማጠጣቷ ነው። በድንበሩ መንገድ ላይ በአንዱ ጎን ሰው ሲያልቅ በሌላው ጎን ሰው በጤናው ይኖር ነበር። ያዳናቸው ተራ አሸዋ ነው።

አሁን ወደ እቤታችን እንምጣ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻችን በየጊዜው የሚልኩልን ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ «የውሃ ማጣሪያ» ይባላል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ማጣሪያ አይደለም። ትልቁን የፕላስቲክ ጠርሙስ በአናቱ ዘቅዝቀው የሚያስቀምጡበት፣ በአንድ ቧንቧ ሙቅ በሌላው ቀዝቃዛ የሚያወርደው የኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙውን ጊዜ መቅጃ ብቻ ነው። ጠርሙሱን ከምንጭ ሞልተን ብንዘቀዝቅበት የምንጩን ውሃ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ ይሰጠናል፤ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም። ከቧንቧ ጋር የሚገጠመውና ጨው ሳይቀር ያስቀራል የሚባለው ዘመናዊ መሣሪያ ደግሞ መብራትና የውሃ ግፊት ይፈልጋል፤ ካጣራውም ውሃ ሌላ የሚደፋው ብዙ ነው። ውሃ በጀርባ ለሚሸከም ቤት ይህ አይሆንም።

ለኛ የሚስማማው መብራት የማይጠይቀው፣ ሁለት ዕቃ ተደራርቦ በመሐሉ ሻማ የሚመስል ነጭ የሸክላ ማጣሪያ ያለበት፣ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ነው። ከላይ ያፈሰሱት ውሃ በሸክላው ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚያ ቀዳዳዎች ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ስለሆኑ የተስቦና የኮሌራ ጀርም፣ አሜባና ጃርዲያ ላይ ይቀራሉ። ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሻማ በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢሰጥ ነው። ማታ ሞልተው ቢተኙ ጧት ይደርሳል።

የማይችለውንም እንናገር፤ ነጋዴው አይነግረንምና። ከጀርሞች ሁሉ የሚያንሱት ቫይረሶች፣ አንዱን ዓይነት የወፍ በሽታ የሚያመጣው ጭምር፣ በሸክላው ሊያልፉ ይችላሉ። በውሃ የሟሟ ጨውና ፍሎራይድም ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ወገኖቻችን ጥርሳቸው የሚበልዘው በፍሎራይድ ነው፤ የሸክላ ማጣሪያ ለዚያ መድኃኒት አይሆንም። ስለዚህ ወረርሽኝ በተሰማ ጊዜ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሕፃንና በሽተኛ ካለ፣ የተጣራውንም ውሃ ማፍላት፣ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የውሃ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው።

ስለ ማፍላት ካነሣን፣ «የደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን አይበስልም» የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነት አለው። 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ጀርም ግን ከሽምብራ ይፈጥናል። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክር እየተንፎለፎለ ሦስት ደቂቃ ይቆይ የሚል ነው። ችግሩ ማገዶ ነው። ኩበቱ ለእንጀራም አልበቃ። የየቀኑን የመጠጥ ውሃ በኩበት አፍልቶ መዝለቅ የማይቻል በመሆኑ ነው ማጣሪያውን የምናነሣው።

የማጣሪያው ዕድሜ በአያያዝ ይወሰናል። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡን፤ የብዙ ቤት ዕቃ በከንቱ የሚቀረው በዚህ ነው። ክረምት ላይ የደፈረሰውን ውሃ በቀጥታ መጨመር ሻማውን ይደፍነዋል። አስቀድሞ በጀሪካን ማጥለል፣ ከላይ ከላዩ በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ መጨመር ነው። ውሃው መንጠባጠብ ሲያዘግም ሻማውን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ውስጥ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ይገባል። ሳሙናም አመድም አይነካውም። እናቶቻችን ድስት በአመድ ማንጣት እንደሚወዱ እናውቃለን፤ ይህን ግን ለድስቱ ይተዉት። ሌላው የኛ የመንዞች ጉዳይ ውርጭ ነው። ውሃ የጠጣ ሸክላ ውርጭ ካገኘው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። ከጥቅምት ጀምሮ ዕቃው በረንዳ ላይ አይደር። ቀድሞ ሲንጠባጠብ የነበረው ባንድ ጊዜ መፍሰስ ከጀመረ ደስ አይበለን፤ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ይለወጥ። ስለዚህ ስንገዛ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መለዋወጫው አለ ወይ?» የሚል ይሁን።

ከሻማው ይልቅ የሚረሳው የታችኛው ዕቃ ነው። የተጣራ ውሃ መከላከያ የለውም፤ የነካው ሁሉ ያበላሸዋል። ክዳኑን ከፍቶ በጣሳ የሚጠልቅበት ሰው ካለ ማጣሪያው ድካም ብቻ ነው። ቧንቧው የተሠራው እጅ እንዳይገባ ነው። የታችኛው ዕቃ በሳምንት አንድ ጊዜ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ወይም በተጣራ ውሃ ይታጠብ፤ የቧንቧው አፍ በጣት አይጠረግ። ሕፃናት አፋቸውን ቧንቧው ላይ መለጠፍ ስለሚወዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል።

አንዳንድ አባቶች «እኛ ጠላ እንጂ ውሃ አንጠጣም» ብለው ይስቁብናል። ጠላውም በዚያው ውሃ ነው የሚጠመቀው። ጸበልን በተመለከተ ግን በማጣሪያ ይለፍ የሚል ነገር አልተናገርንም፤ እንዲያ የተባለ ካለ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። ለሦስት ቀን ለቅሶ ሰው ሁሉ የሚሆን ውሃ ሁለት ማጣሪያ እንደማያደርስ እናውቃለን። አስበን ያቀረብነው እንዲህ ነው። ማጣሪያዎቹ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ ይሁኑ፤ ለቀረው ሰው የበርሜሉ ውሃ በውሃ መድኃኒት ይታከም። በርሜሉም ክዳን ይበጅለት፤ ከግርጌውም ቧንቧ ይገጠምለት፤ ጣሳው ይቅር። የበርሜሉ ቧንቧ ከማጣሪያው ዋጋ እጅግ ያንሳልና ጉባኤው ማጣሪያውን ባይፈቅድ እንኳ ይህን እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። ማጣሪያዎቹን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከድስቱና ከአግዳሚው ጋር በመዝገብ ይረከባል፤ ከለቅሶ ሲመለሱ አጥቦ አድርቆ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው በየወሩ በተራ ይመደባል። ለግል ድግስ አይከራዩም።

የዋጋ ማቅረቢያው በገንዘብ ያዣችን እጅ ነው። ከእረፍት በኋላ ይነበባል፤ ድምፅም ያን ጊዜ ይሰጣል።