ውሃው ሲጎድል መንጠቆ ይሰቀል

(የሰፈራችን ዓሣ አጥማጆች ቡድን በዚህ መፀው ስለሚሠራው ሥራ ለመረዳጃ ማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር ነው፡፡ በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ወጥቷል፡፡)



በመጀመሪያ በዚህ የዝናብ እጦት ጊዜ ስለ ዓሣ ለሚያወራ ሰው መድረክ ስለ ሰጡ ሊቀ መንበራችንን አመሰግናለሁ፡፡ ወደ አዳራሹ ስገባ አንድ ጎረቤቴ በር ላይ አገኙኝና «ሰው ለላሙ ውሃ አጥቶ አንተ ስለ ዓሣ ልታወራ ነው?» አሉኝ፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ እኔም ብሆን የመጣሁት ስለዚያው ውሃ ልናገር ነው፡፡ ላሟም ዓሣውም የሚጠጡት አንድ ኩሬ ሆኗልና፡፡

ቡድናችንን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፡፡ አብዛኛዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ ጡረታ የወጣን ሽማግሌዎች ነን፡፡ የምናጠምደው በላባ መንጠቆ ነው፡፡ ትል ወይም ሥጋ አንሰካም፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመን ዝንብ ወይም ፌንጣ እናስመስለዋለን፡፡ ላባው ክብደት ስለሌለው ወፍራሙ ገመድ ነው ይዞት የሚበረው፤ ዘንጉን ወደ ኋላ ወደ ፊት ማወዛወዝ ያለው ለዚያ ነው፡፡ ሩቅ ሆኖ ላየው ሰው ዝንብ የሚያባርር ይመስላል፤ ስንት ጊዜ ተስቆብናል! የተያዘውን ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ መንጠቆውን ነቅለን እንመልሰዋለን፡፡ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል፡፡

ይህ ሙያ ወደ አገራችን የገባው በባሌ በኩል ነው፡፡ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፡፡ በዲንሾ አጠገብ በሚያልፈው በዌብ ወንዝና በአካባቢው ጅረቶች ተራብቶ እስከ ዛሬ አለ፡፡ እኔም ዘንግ መወርወር የተማርኩት እዚያ ነው፤ ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ ከቃል ይልቅ በቁጣ የሚያስተምሩ ነበሩ፡፡

ታዲያ የዲንሾ ወንዝ ለነጌሌ ምኑ ነው የሚል ይኖራል፡፡ ብዙ ነው፡፡ ዌብ ከዲንሾ ወርዶ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሾልኮ፣ በመጨረሻ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፡፡ ወልመልም ከሐረና ጫካ ወርዶ ወደ ገናሌ ነው የሚገባው፡፡ ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ሲገናኙ ጁባ ይሆኑና ሶማሊያን አቋርጠው ባሕር ይገባሉ፡፡ እኛ ቆላ ላይ ቁጭ ብለን «ወንዛችን» የምንለው ባሌ ላይ የዘነበውን ነው፡፡ በባሌ ዝናቡ ጫካውና ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ገናሌ በበጋ እንኳ ይፈሳል፡፡ ዳዋ ግን እንደዚያ አይደለም፡፡ ዝናብ ሲጠፋ ቶሎ ይቆራረጣል፤ አሸዋው ያብለጨልጫል፤ ውሃው በየጥምዝምዙ ሥር በኩሬ በኩሬ ይቀራል፡፡ የዛሬው ጉዳይ እነዚህ ኩሬዎች ናቸው፡፡

ለደገኛው መፀው ማለት አደይ አበባና እሸት ነው፡፡ ለእኛ ለደቡቦቹ ሐጋያ ነው፤ የትንሹ ዝናብ ወቅት፡፡ ሐጋያ ካልመጣ እስከ ጋና፣ ማለትም እስከ መጋቢት፣ ሌላ ተስፋ የለም፡፡ ይህን ለቦረና ሰው መናገር ቅቤ ለላም መሸጥ ነው፤ ግን ልጆቹ ይስሙ ብዬ ነው፡፡ ከ2013 ዓ.ም. ሐጋያ አንሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፡፡ ባለሙያዎች ላ ኒኛ የሚሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሦስት ዓመት ተደጋግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ እንዳስቀረው ይናገራሉ፡፡ በዚያ ድርቅ በቦረና ያለቀው ከብት በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ከዚህ አዳራሽም ስንቱ ሰው ዘመዱን ለማስጠጋት ቤቱን ከፍቷል፡፡ ከዚያም በመጋቢት 2015 ዝናቡ መጣ፤ በ2016 ሐጋያ ደግሞ አልበቃ ብሎ ጎርፍ ሆነና ገናሌና ዳዋ ሞልተው እስከ ዶሎ አዶ ድረስ ሰው አፈናቀሉ፡፡ ዘንድሮም ደመናው እየመጣ ይመለሳል፤ ሁላችሁም የምታዩት ነው፡፡

አሁን ወደ ዓሣው ልግባ፡፡

በዳዋና በገናሌ ያለው ዓሣ ትራውት አይደለም፤ ሙቀቱን አይችለውም፡፡ እኛ ጋ ያለው አምባዛ፣ ደግሞም ባለ ትልልቅ ቅርፊቱ ባርበስ ነው፡፡ ከባርበስ ወገን አንዱ እንዲያውም በሳይንስ ስሙ ጋናኔንሲስ ይባላል፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1895 ሲመዘገብ የገናሌን ስም ይዞ ነው፡፡ እኛ ሳናውቀው ወንዛችን በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው፡፡ ይህ ዓሣ ላባችንን ይወድዳል፤ ሲይዝም ክንድ ያስነቅላል፡፡

የሁለቱ ጠባይ ግን ለየቅል ነው፡፡ አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ሌላ አካል ስላለው ውሃው ቢቆሽሽም፣ ጭቃ ብቻ ቢቀርም ይቆያል፡፡ ባርበስ ይህ የለውም፡፡ ውሃው ሲሞቅና ሲጠብ አየር ያጥረዋል፤ ጧት ጧት አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሲተነፍስ ታዩታላችሁ፡፡ እንቁላሉን የሚጥለው ደግሞ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲነሣ፣ በጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው፡፡ እንግዲህ አሁን ኩሬ ውስጥ ታፍኖ ያለው ትልቅ ባርበስ ዝናቡን የሚጠብቅ ወላጅ ነው፡፡ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል የሚበላው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው አይደለም ወይ?

በ2014 ዓ.ም. ያየሁትን ልንገራችሁ፡፡ ዳዋ ላይ አንድ ኩሬ ነበር፤ ስፋቱ ይህን አዳራሽ ሦስት ቢያክል ነው፡፡ ሌሊት ሰዎች መጡና የተወቀጠ ብርብራ በተኑበት፡፡ ብርብራ ዓሣን እንደሚያሰክር አባቶቻችን ያውቁታል፤ እነሱ ግን የሚጠቀሙበት በሚፈስ ወንዝ ነበር፤ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል፡፡ የቆመ ውሃ የት ይውሰደው? ሰዎቹ በጆንያ የቻሉትን ያህል ለቀሙ፡፡ ያልተለቀመው፣ እንደ ጣት የሚያህለው ሁሉ፣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፡፡ በሦስተኛው ቀን ስደርስ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፡፡ ከብቶች መጡ፤ ሁለት ቀን የተጓዙ ከብቶች ናቸው፡፡ አፍንጫቸውን ወደ ውሃው አስጠጉና መለሱት፡፡ እረኛው አንድ ልጅ ነበር፤ እኔን አየኝ፣ ዘንጌን አየ፣ ምንም አላለኝም፡፡ እኔ አይደለሁም ልለው ፈለግሁና አፈርኩ፡፡

ያፈርኩት ለምን እንደሆነ ልናገር፡፡ ያንን ዓሣ ማን በላው? ወንዝ ዳር ያለው አርብቶ አደር አይደለም፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ዓሣን ከምግብ አይቆጥሩትም፡፡ ዓሣው የመጣው ወደ ከተማ ነው፡፡ አጎበር አስፍቶ መረብ የሚያደርገውም፣ ጆንያ ይዞ የሚሄደውም ከከተማ ነው፤ ከእኛ ሰፈርም አለበት፡፡ በተለይ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ዋጋው ስለሚወጣ ያን ጊዜ ነው የሚብሰው፡፡ ስም አልጠራም፡፡ ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ እንዲሁም ፈንጂ ለዓሣ ማጥመጃ መጠቀም በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ የተከለከለ መሆኑን ግን ላስገነዝብ እወዳለሁ፡፡ ብርብራ ሲጠፋ የሰብል ፀረ ተባይ ለመጠቀም የሚያስብ ካለ ደግሞ ያ ውሃ የሰው መጠጥ ነው፤ ይህ ዓሣ ማጥመድ ሳይሆን ሌላ ወንጀል ነው፡፡

ባለፈው ሳምንት ይህን ስናገር አንዲት እናት «ኩሬው መድረቁ አይቀርም፤ ዓሣውም መሞቱ አይቀርም፤ ታዲያ ልጆቼ ቢበሉት ምን አለበት?» አሉኝ፡፡ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀን መልስ አጥቼ ነበር፡፡ አሁን የምለው ይህን ነው፤ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ግን ለሁሉም ኩሬ አይደለም፡፡ ከጉልበት በታች የሆነው፣ ታች ዐለት የሌለው፣ ጥላ የሌለው ኩሬ ዝናብ ሳይመጣ ይደርቃል፡፡ ከዚያ ውስጥ አምባዛውን በመንጠቆ ወይም በእጅ ማውጣት ነውር የለበትም፤ እኛም እናግዛለን፡፡ ከገደል ሥር ያለው ጥልቁ ኩሬ ግን አይነካ፡፡ ከብቱም የሚቆየው በሱ ነው፤ ወንዙ ሲመለስ ዓሣ የሚወጣውም ከሱ ነው፡፡ በ2016 ከጎርፉ በኋላ ልጆቻችን የያዙት ባርበስ ከሰማይ አልወረደም፡፡

ይህ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፡፡ ቦረና በቱላ ጉድጓዶቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አለው፡፡ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ ይቆጣጠራል፡፡ ሀብታም ነኝ ብሎ ተራ የሚያልፍ የለም፡፡ ውሃው ሲያንስ ተራው ይጠብቃል እንጂ አይፈርስም፡፡ እኛ ከተሜዎቹ ወንዙ አባት የሌለው ይመስለናል፡፡

ስለዚህ ቡድናችን የሚከተለውን ወስኗል፡፡ ዝናቡ ጥሎ ዳዋ እስኪፈስ ድረስ በጥልቅ ኩሬዎች መንጠቆ አንጥልም፤ ይዞ መመለስም ቢሆን አናደርግም፡፡ በሞቀ ውሃ የታገለ ዓሣ ብንለቅቀውም ከዐይናችን ራቅ ብሎ ይሞታል፤ ይህን ለብዙ ዓመት ሳናውቅ «ለቀቅነው» እያልን ስንኮራ ኖረናል፡፡ ገናሌ ላይም ቢሆን የውሃ ቴርሞሜትር ይዘን እንጂ እንዲሁ አንወርድም፡፡

ልጆቹን ያስከፋው ሌላው ውሳኔ ነው፡፡ በየዓመቱ በጥቅምት ለትራውት ወደ ዲንሾ እንሄድ ነበር፡፡ መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ የገናሌን ድልድይ ተሻግሮ ደሎ መና፣ ከዚያ የሐረና ጫካ፣ ከዚያ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የሆነው የሳነቲ አምባ፣ ጎባ፣ ሮቤ፣ ዲንሾ፡፡ በአንድ ቀን ከበረሃ ወደ ውርጭ ነው፡፡ ትራውት ደግሞ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ዌብ ደጋ ላይ ስለሆነ ያን ያህል አይሞቅም፤ ቢሄዱ ይያዝ ነበር፡፡ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ያጠራቀሙ ልጆች አሉ፡፡ አንዱ ሲሰማ ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም፡፡ አልፈርድበትም፡፡

ገንዘቡን ግን ለሌላ ነገር ልናውለው ነው፡፡ ወንዙ ሲጠብ አዞውም እንደ ዓሣው ወደ ጥልቁ ኩሬ ይሰበሰባል፡፡ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው እስከ ጉልበታቸው ይገባሉ፤ አዞ ደግሞ ጭቃ ውሃ ውስጥ አይታይም፡፡ በጉዞው ገንዘብ ረጅም ገመድ፣ ባልዲና ጀሪካን ገዝተን በመልካ ጉባ አካባቢ ላሉ ውሃ ቀጂዎች እናደርሳለን፤ ከዳር ቆሞ መቅዳት እንዲቻል ማለት ነው፡፡ ከብት የሚጠጣበትንም ዳር ከሰው መቅጃ በእሾህ አጥር እንለያለን፤ ቦታውን የሚመርጡልን የዚያው አገር ሽማግሌዎች ናቸው፡፡ ገመድ መወርወር እንደሆነ ልጆቻችን ተክነውበታል፡፡

ላባ መጠምጠሙ አይቋረጥም፡፡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ነው፤ ሴት ልጆችም ይምጡ፣ ጣታቸው ከወንዶቹ ይልቃል፡፡ ዶሮ የምታርዱ እናቶች የአውራ ዶሮውን የአንገት ላባ አትጣሉብን፤ በፌስታል አድርጋችሁ ለአዳራሹ ዘበኛ ስጡልን፡፡ ቀዩ ይበልጣል፤ ነጭም ቢሆን አንመልስም፡፡

ወደ መልካ ጉባ የምንሄደው እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ መነሻው እዚሁ አዳራሽ በር ላይ ነው፡፡ ትርፍ ገመድ ያላችሁ፣ ያረጀም ቢሆን፣ ቅዳሜ ማታ አድርሱልን፡፡ መኪናው ላይ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚጫን ስማችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፡፡ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው አይሳፈርም፤ እኔንም ጨምሮ፡፡